የችግረኛ ቀለብ የማን ዕዳ ነው?

በቋንቋችን ግብር የሚለው ቃል ሁለት ነገር አጣምሮ ይዞ ይኖራል። ባላገሩና ነጋዴው ለመንግሥት የሚከፍሉት ገንዘብ ግብር ይባላል፤ ንጉሥ ወይም ባለጸጋ ለሕዝብ የሚያበላው ታላቅ ግብዣም እንዲሁ ግብር ይባላል። አባቶቻችን ለሁለቱ አንድ ስም መስጠታቸው ሌላ ስም ቸግሯቸው አልነበረም። ከሕዝብ እጅ የወጣው እህልና ማር ወደ ግምጃ ቤት ገብቶ፣ ተመልሶ በሕዝብ ፊት በገበታ ላይ ይታይ ስለ ነበር፣ ገቢውም ወጪውም በአንድ ስም ተጠራ። ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ባሠሩት ታላቅ አዳራሽ ግብር ሲበላ፣ መኳንንቱ አስቀድመው፣ ሠራዊቱ ቀጥሎ፣ ተርታው ሰው በመጨረሻ በየተራው እየገባ ይበላ እንደ ነበር በታሪክ ተጽፏል። ያ አዳራሽ ታድሶ ዛሬ በአንድነት ፓርክ ውስጥ ለጎብኚ ይታያል፤ ጎብኚውም የጣራውን ስፋት አይቶ ይደነቃል እንጂ ስንት ሌማት እንደ ገባበት የሚያስብ ጥቂት ነው።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው በክፉ ቀን ዘመንም ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ የሚያርስ በሬ ከአገር በጠፋ ጊዜ፣ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው ሕዝቡን እንደ መገቡ፣ ራሳቸውም ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቆፈሩ ይነገራል። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ያ ማዕድ የንጉሥ ቸርነት እንጂ የበላተኛው መብት አልነበረም። የበላ ሰው አመስግኖ ይወጣል፤ ከበር የተመለሰ ሰው ግን የሚከሰው አልነበረውም።

ወደ ዛሬው ነገር እንመለስ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባለፉት ጥቂት ዓመታት፣ በከንቲባ አዳነች አቤቤ ዘመን፣ «ተስፋ ብርሃን» ብሎ የሰየማቸውን የምገባ ማዕከሎች በየክፍለ ከተማው አቋቁሟል። ቁጥራቸው ከ20 በላይ ደርሷል፤ በእነዚህ ቤቶች በቀን አንድ ጊዜ የሚበላው ሰውም ከ30 ሺህ በላይ መሆኑን አስተዳደሩ ገልጿል። ወደ ማዕዱ የሚቀርቡት ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ አካላቸው የተጎዳ ሰዎች፣ በጎዳና የሚያድሩ፣ የቀን ሥራ ፈልገው ያጡ ናቸው። ወጪው አንዳንዱ ከከተማው በጀት፣ አንዳንዱም ባለሀብቶችና ድርጅቶች ከሚሰጡት ርዳታ ይሸፈናል። አቃቂ ቃሊቲም ከዚህ ማዕድ ድርሻ ካላቸው ክፍለ ከተሞች አንዷ ናት።

አቃቂ ቃሊቲን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር፣ በአቃቂ ወንዝ አካባቢ የተዘረጋች ሠፈር ናት። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በዚች በኩል አለፈ፤ ባቡሩን ተከትሎም የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የምግብ ፋብሪካዎች ተተከሉባት። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የቃሊቲ የምግብ ፋብሪካ ዱቄትና ፓስታ፣ ብስኩትም ሲያወጣ ኖሯል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የሠፈሪቱ ነዋሪ ከ180 ሺህ በላይ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ የገላንና የቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው ሌላ ከተማ ተጨምሮባታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካሳንቺስ የተነሡ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ገላን ጉራ መጥተው ሰፍረዋል። ፋብሪካ ካለበት ሥራ አይጠፋም ብሎ ከየአገሩ የሚመጣው ወጣት፣ ጉልበቱን ለፋብሪካ ሰጥቶ በጥቂት ጡረታ የቀረው ሽማግሌ፣ ከኖረበት ጉርብትና ተነሥቶ አዲስ በር የሚያንኳኳው ቤተ ሰብ፣ ሦስቱም በአንድ ሠፈር ይገናኛሉ። ዱቄት በሚፈጭበት አጠገብ የሚራብ ሰው መኖሩ ለእንግዳ ሰው ያስገርም ይሆናል፤ ነዋሪው ግን ያውቀዋል።

የገጠር ራብ ድርቅ ሲመጣ ይታያል፤ አውታንቲውም፣ ጋዜጠኛውም፣ የውጭ አገር ሰውም ያየዋል። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ በየዘመኑ የተቋቋሙት የርዳታ መሥሪያ ቤቶችም ዓይናቸው ወደ ገጠሩ ነበር። የከተማ ራብ ግን በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። እናቲቱ እኔ በልቻለሁ ብላ ለልጆቿ ታቀርባለች፤ አባት ከሥራ ቦታ በልቼ መጣሁ ይላል፤ አያት ደግሞ ዛሬ እጾማለሁ ትላለች። በአንድ ቤት ሦስት ሰው በአንድ ቀን እንዲህ ሲል የሰማ ጎረቤት ነገሩ ምን እንደ ሆነ ሊገባው ይገባል።

አሁን የዚህን ማዕድ ወጪ እንደ ቤት እመቤት አድርገን እንቁጠረው። እንጀራ የምትጋግር ሴት እንደምታውቀው፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ሲፈጭና ሲጋገር ሦስት መቶ ያህል እንጀራ ይወጣዋል፤ እንደ ጤፉና እንደ ጋጋሪዋ እጅ ከፍም ዝቅም ይላል። በአንድ ማዕከል ሺህ ሰው በቀን አንድ አንድ እንጀራ ቢበላ፣ ለአንድ ቀን ከሦስት ኩንታል በላይ፣ ለአንድ ወር መቶ ኩንታል ያህል ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህም ሽሮው፣ ምስሩ፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ውኃው፣ መብራቱ፣ የወጥ ሠሪዎቹም ደመወዝ ሳይቆጠር ነው። ወጪው በየቀኑ የሚመጣ ነው፤ የሚመጣውም በበዓል ቀን ብቻ አይደለም። በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ሰንጋ ይዞ፣ ፎቶግራፍ አንሺ አስከትሎ የሚመጣ በጎ አድራጊ አይጠፋም፤ እግዜር ይስጠው። በሐምሌ መካከል፣ ዝናብ ሲዘንብና የቀን ሥራ ሲጠፋ፣ ማክሰኞ ቀን መቶኛውን ኩንታል የሚያመጣው ግን ማን ነው? የበጀት ነገር የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

እኛ በሙያችን የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆናችን፣ ቀለብ የሚለውን ቃል የምናገኘው በገበታ ላይ ሳይሆን በመዝገብ ላይ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ ወላጅ ለልጁ፣ ልጅም ለወላጁ፣ ወንድምና እኅትም እርስ በርሳቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋሉ። ቀለብ ማለትም ምግብ ብቻ አይደለም፤ መኖሪያ፣ ልብስና የጤና ጥበቃም ጭምር ነው። ጠያቂው ችግረኛ መሆን፣ በሥራውም ራሱን ለመቻል የማይችል መሆን አለበት። ሕጉ መልካም ሕግ ነው፤ የአገራችንንም ልማድ የተከተለ ነው፤ ወላጁን የማይጦር ልጅ ከጥንትም የተነቀፈ ነውና።

ይሁን እንጂ ብዙ ዓመት መዝገብ ያገላበጠ ሰው የሚያየው ሌላ ነገር አለ። አንዲት አሮጊት ልጄ ቀለብ ይቁረጥልኝ ብላ አቤቱታ ታቀርባለች። ልጅየው ተጠርቶ ሲቀርብ የቀን ሠራተኛ ነው፤ እርሱም አራት ልጆች አሉት፤ ቤቱም የኪራይ ቤት ነው። ዳኛው ሁለቱንም አይተው የሚቻለውን ያህል ይወስናሉ። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ገንዘቡ ግን የለም። ሕጉ ራሱም የሰጪውን አቅም እንዲታይ ስለሚያዝ፣ የድኃ ልጅ እናት በፍርድ አሸንፋ በራብ የምትሸነፍበት ጊዜ አለ። ልጅም ወንድምም የሌላት ደግሞ የምትከሰው ሰው እንኳ ስለማይኖራት ወደ እኛ መዝገብ ቤት ፈጽሞ አትደርስም። የቤተ ሰብ ዕዳ ከዚህ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ዕዳው የማን ነው?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ላይ፣ መንግሥት አቅሙ በሚፈቅደው መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያን፣ ያለ ወላጅና ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ልጆች ርዳታ እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል። በአንቀጽ 90ም ምግብን ከጤና፣ ከትምህርት፣ ከንጹሕ ውኃና ከመኖሪያ ቤት ጋራ ደርድሮ ይጠራዋል። እንግዲህ በሕጉ ፊት የዚህ ማዕድ ስሙ ምጽዋት ሳይሆን ግዴታ ነው። አቅም በፈቀደ መጠን የምትለዋ ቃል ግን እንደ በር ናት፤ ትከፈታለችም፣ ትዘጋለችም። አቅም የሚታወቀው በንግግር ሳይሆን በበጀት ነው። የከተማው ምክር ቤት ለ2017 ዓ.ም. ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ በጀት አጽድቋል። ከዚህ ያህል ገንዘብ ውስጥ የችግረኞች ማዕድ ራሱን የቻለ መደብ ይዞ፣ ለአንድ ሰው ምሳ ይህን ያህል ብር ተብሎ በግልጥ ቢጻፍ፣ የአቅም ነገር ከክርክር ይወጣል የሚል አሳብ አለን። በአደራ የሚመጣ ገንዘብ ሲመጣ መልካም ነው፤ በመደብ የተጻፈ ገንዘብ ግን ባይመጣ ለምን አልመጣም ተብሎ ይጠየቅበታል።

ይህም ሊሆን የማይችል አይደለም፤ በዚሁ ከተማ በልጆች ምሳ ሆኗልና። በ2007 ዓ.ም. ገደማ ልጆች ሳይበሉ ትምህርት ቤት መጥተው በራብ ይወድቁ እንደ ነበር ሲታወቅ፣ «የእናት ወግ» የተባለ የበጎ አድራጎት ማኅበር በጥቂት ትምህርት ቤቶች ማብላት ጀመረ። ማኅበሩ የሚመሰገን ሥራ ሠራ፤ ነገር ግን ማኅበር የሚያበላው ያገኘውን ያህል ነው። በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ነገሩን በራሱ በጀት ተረከበ፤ በመጀመሪያ 300 ሺህ ያህል ተማሪ ነበረ፤ ቁጥሩ እያደገ ሔዶ ከ700 ሺህ በላይ ልጆች ቁርስና ምሳ የሚበሉበት ሥራ ሆነ፤ የሚከታተለውም መሥሪያ ቤት ተቋቋመለት። በየትምህርት ቤቱ ወጥ የሚሠሩትና እንጀራ የሚጋግሩት ከ10 ሺህ በላይ የሆኑ እናቶች ደመወዝተኞች ሆኑ። ከእነዚህም እናቶች ብዙዎቹ ቀድሞ ራሳቸው የሚቸገሩ ነበሩ፤ ስለዚህ በአንድ ገንዘብ ሁለት ቤት በላ ማለት ነው። የልጆቹ ማዕድ ከቸርነት ወደ በጀት የተሻገረበትን መንገድ የሽማግሌዎቹም ማዕድ ሊሔድበት ይችላል።

በከተሞች የምግብ ዋስትና የሚባለው ሥራም በ2009 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር። ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ ከመንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦ፣ በ11 ከተሞች 604 ሺህ ሰው እንዲረዳ ታቅዶ፣ መሥራት የሚችለው መንገድ እየጠረገና ችግኝ እየተከለ ደመወዝ አገኘ፤ ከደመወዙም ጥቂቱን እንዲቆጥብ ተደረገ፤ መሥራት የማይችለው ደግሞ በቀጥታ ተረዳ። ሁለተኛው ዙር ወደ 83 ከተሞች ሰፍቷል። ሥራው ጠቃሚ ነው፤ ግን ገንዘብ የሚያገኝ ሽማግሌ ሁሉ ምጣድ ላይ የሚያደርግለት ሰው አለው ማለት አይደለም። ብቻውን ለሚኖር ሰው የበሰለ ምግብ ከገንዘብ ይልቃል።

ስለ ስሙም አንድ ነገር እንበል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት በቦምብ ቤታቸው ለፈረሰባቸውና ለሠራተኞች ሁሉ የጋራ ምግብ ቤቶች አቋቁሞ ነበር። ሹማምንቱ የሕዝብ መመገቢያ ማዕከል የሚል ስም ሊሰጡት ሲሉ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቸርችል በ1941 በአውሮጳ አቆጣጠር ስሙ የድኃ ማጎሪያ ቤት ያስመስላል ብለው ነቀፉት፤ የእንግሊዝ ምግብ ቤት እንዲባልም አደረጉ። ከ2 ሺህ በላይ ሆነው በዘጠኝ ፔኒ ሙሉ ምሳ ይሰጡ ነበር፤ ጸሐፊውም፣ ወዛደሩም፣ መምህሩም በአንድ ሰልፍ ይቆሙ ነበር። በህንድም አገር በቼናይ ከተማ ከ2013 በአውሮጳ አቆጣጠር ጀምሮ መንግሥት ባቋቋማቸው ምግብ ቤቶች አንድ ኢድሊ በአንድ ሩፒ ይሸጥ ጀመር። በላተኛው አንዲት ሩፒ ከፍሎ ስለሚበላ አንገቱን አይደፋም።

የእኛው ምገባ የሚለው ቃል ሥሩ የከበረ ነው። በግእዝ መገበ ማለት ማብላት ብቻ ሳይሆን ማስተዳደርም ነው፤ መጋቢ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ሹመትም ከዚሁ የወጣ ነው። ነገር ግን ቃሉ በመንገድ ላይ ሲነገር «ተመጋቢ» የሚለው ስም በሰው ግንባር ላይ እንደ ማኅተም እንዳይለጠፍ ያሰጋናል። እኛ በልጅነታችን በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንጠልጥለን፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያልን በየደጁ ቆመን ያደግን ነን። የሰጠችን እናት ስማችንን አልጠየቀችንም፤ የሰፈሩም ልጆች ተማሪ ይሉን ነበር እንጂ ሌላ ስም አላወጡልንም። ከዚያ በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንገባ በሰልፍ ቆመን፣ በሳሕን ተቀብለን በላን፤ ምግቡ ይበልጥ የጠገበ ነበር፤ ስማችን ግን በየቀኑ በመዝገብ ላይ ምልክት ይደረግበት ነበር። ሁለቱም አሳድገውናል፤ ልዩነቱን ግን ሆዳችን ባይሆን ልባችን ያውቀዋል። መዝገብ አይኑር አንልም፤ ያለ መዝገብ የሕዝብ ገንዘብ አይጠበቅም፤ መዝገቡ ግን በጽሕፈት ቤት ይቀመጥ እንጂ በበሩ ላይ በጩኸት አይነበብ።

ስለ መዝገብ ካነሣን፣ የምንፈራውንም እንናገር። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የርዳታ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለችግረኞች የመጣ እህል ወደ ገበያ ዞሮ ተሽጧል ብለው በኢትዮጵያ የምግብ ርዳታቸውን ለወራት አቁመው ነበር። ሌባው ሌላ፣ የተራበው ሌላ ሆነ። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ርዳታውን በራሱ ምክንያት ቆርጧል። በሰው ጎተራ የተመሠረተ ማዕድ በሰው ቍጣ እንደሚታጠፍ ከዚህ ታይቷል። በከተማችንም ማዕከሎች በየወሩ የገባውና የወጣው እህል፣ የበላውም ሰው ቁጥር፣ በማዕከሉ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ቢሰቀል፣ ሐሜትም ሌብነትም በአንድ ምስማር ይሰቀሉ ነበር።

ሁለተኛው ፍርሃታችን ዋጋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዘይትና የሌላውም ነገር ዋጋ መናሩን የገበያ ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት ሁሉ ታውቃለች። ለአንድ ሰው ምሳ በዓመቱ መጀመሪያ የተቆረጠ ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ ያንኑ ምሳ አይገዛም። እንዲህ ሲሆን ወጥ ሠሪዋ የምታደርገው የታወቀ ነው፤ ወጡን ታቀጥነዋለች። ቁጥሩ በሪፖርት ላይ አይጎድልም፤ ምስሩ ግን ከሳሕኑ ላይ ይጎድላል። የበጀቱ ሒሳብ ከገበያው ዋጋ ጋራ በየጊዜው እንዲተያይ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ሦስተኛው የመታወቂያ ነገር ነው። የከተማው የነዋሪነት መታወቂያ ለብዙ የመንግሥት አገልግሎት መግቢያ ነው፤ ትናንት ከገጠር መጥቶ በአቃቂ የባቡር ሐዲድ ዳር ያደረ ልጅ ግን መታወቂያ የለውም። ራብ መታወቂያ አይጠይቅምና፣ ለጥቂት ቀን እንኳ ያለ መታወቂያ የሚበላበት ፈቃድ ቢኖር መልካም ነው እንላለን።

የዚህ ገጽ አንባቢዎች ደግሞ በየቤታችሁ ልታደርጉት የምትችሉት አለ። ለማዕከሉ እህል የምትሰጡ ብትሆኑ፣ የተለቀመና የተበጠረ ይሁን፤ ነቀዝ የበላውን ለድኃ መስጠት መስጠት አይባልም። ሥጋ ከመላክ ይልቅ ሽሮ፣ ምስርና አተር ክክ መላክ ይሻላል፤ ክርስቲያኑም በጾሙ፣ እስላሙም በቀኑ ሁሉ አብረው ይበሉታልና። ጥርስ ለሌላቸው ሽማግሌዎች የሚሆን አጥሚት ወይም ገንፎ አስቡ፤ ይህን የመንግሥት በጀት አያስበውም፣ ልጅ ያሳደገች ሴት ታስበዋለች። ልጆቻችሁም የጎረቤት አያት ሳሕን ይዛ ስትሔድ ቢያዩ ጣት እንዳይቀስሩ አስተምሯቸው።

አዲስ ሠፈር የገባ ቤተ ሰብ ችግሩ ይበልጣል። በካሳንቺስ የነበረው ዕድርና ማኅበር፣ ቡና የሚጠራራው ጎረቤት፣ ዱቤ የሚሰጠው ባለ ሱቅ በገላን ጉራ በአንድ ቀን አይተካም። ስለዚህ አዲስ የሚቋቋሙት ዕድሮች ከመጀመሪያው ስብሰባቸው ጀምሮ በየሕንጻው ብቻቸውን የሚኖሩትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ስም ቢጽፉ ይበጃል። ወደ ማዕከሉ ለመግባት የሚሻ ሰው መጻፍ ባይችል፣ ጎረቤቱ ይጻፍለት። ጽሑፉ ረጅም መሆን የለበትም፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የሕንጻና የቤት ቁጥር፣ ያለበት በሽታ፣ ልጅ ወይም ወንድም እንዳለውና እንደሌለው፣ ይህንም የሚያውቁ የሁለት ጎረቤቶች ፊርማ ይኑርበት። አንዱን ቅጅ ለወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አስገብታችሁ፣ በሌላው ላይ የገባበትን ቀንና ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። ቀንና ማኅተም ያለበት ወረቀት ጠፋ አይባልም፤ ይህን ከሥራችን የምናውቀው ነው።